ቀልጣፋው ካሴት

እስቲ ስልካችሁን አንዴ አስቀምጡና ስሙኝ።

አንድ ሰው ነበረ። የሚሠራው ጥልፍ ቤት ነው፤ የካህናት ካባና የታቦት ጥላ በማሽን የሚጠለፍበት። ንድፉ ሁሉ ያለው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። የሰውዬው ሥራ በየዓርቡ ንድፎቹን ወደ ካሴት መገልበጥ ነው፤ ኮምፒውተሩ ድንገት ቢሞት ከካሴቱ እንዲመለሱ።

ሲሠራ ብታዩት! እጁን ይታጠባል። ካሴቱን ከነጭ ጨርቅ ይፈታል። ኮምፒውተሩ አጠገብ ያለው የካሴት ማሽን ውስጥ ይከታል። ማሽኑ እዝዝ ይላል፣ ትንሿ መብራቱ በርታ ትጠፋለች፣ አለቀ! አንድ ደቂቃ። ከዚያ የዕለቱን ቀን በወረቀት ጽፎ ካሴቱ ጠርዝ ላይ፣ ከባለፈው ሳምንት ወረቀት በላይ ይለጥፋል። ካሴቱ ሣጥን ውስጥ፣ ቁልፉ አንገቱ ላይ። ዘጠኝ ዓመት! አንድ ዓርብ አላለፈውም።

"ኮምፒውተሩ ቢሞት እኔ አለሁ" ይላል ደረቱን ነፍቶ።

ኮምፒውተሩም ሰማውና ሞተ።

መቼ? ለጥምቀት ሦስት ሳምንት ሲቀረው! አንድ ደብር ጥላውን አይጥ በልታበት "ልክ የድሮውን ሥሩልን" ብሎ አዝዟል። ከአሥር ዓመት በፊት ንድፉን የሳሉት መሪጌታ አርፈዋል። ከጥላው አይተው እንዳይሠሩ፣ ግማሹ አይጧ ሆድ ውስጥ ነው።

"አስራደ" አሉት የቤቱ ባለቤት እትዬ የሺመቤት፣ "ታቦቱ ያለ ጥላ ቢወጣ ጉዱ የኔና የአንተ ነው።"

"እትዬ፣ እኔ እያለሁ!" ቁልፉን አንቃጨለ።

ፈቲያ የምትባል የኮምፒውተር ባለሙያ ተጠራች። የካሴቱን ማሽን ይዛው ከመጣችው ኮምፒውተር ጋር አገናኝታ ካሴቱን ሞከረችው፤ ባዶ። ገልበጥ አድርጋ አየችው።

"ጋሼ፣ ይሄ ካሴት ነው ትራስ?"

ወረቀቱን በጥፍሯ ትልጥ ጀመር። የአምና ዓርብ። የካቻምና ዓርብ። ዘጠኝ ዓመት ተልጦ ሲያልቅ የፋብሪካው ጽሑፍ ወጣ። አነበበችና ከንፈሯን ነከሰች።

"ጋሼ፣ ይሄ መገልበጫ አይደለም። ማሽኑን ማጽጃ ነው።"

አስራደ ላቡን ጠረገ። "እና... ቢያንስ ማሽኑ ንጹሕ ነው?"

"ማጽጃውም የሚሠራው ሃምሳ ጊዜ ብቻ ነው። ስምንቱን ዓመት በከንቱ ነው ሲከቱት የኖሩት።"

"መገልበጫውስ የታለ?" ጮኹ እትዬ።

"እሱማ ሰነፍ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ያንቋርራል! ይሄኛው ቀልጣፋ ሆኖ ሳገኘው..." አስራደ ወደ ታች አየ። ሁሉም ወደ ታች አዩ። የመቁረጫው ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ከሥሩ የደገፈው ጥቁር ነገር...

ራሱ ተንበርክኮ ሳበው። ጠረጴዛው አዘነበለ፣ መቀሱ ጆሮውን ለጥቂት ሳተው። ፈቲያ አቧራውን ጠርጋ ካሴቱን ከተተች። አንድ ሰዓት አንቋረረ። አንድ ሰዓት ማንም ቁጭ አላለም። ከዚያ የጥላው ንድፍ፣ ከነመስቀሉ ከነዘርፉ፣ ብቅ አለ። እትዬ እልል አሉ። አስራደ ቁልፉን ከአንገቱ አወለቀ።

እሺ፣ ሳቃችሁ። አሁን ተራው የእናንተ ነው።

ጠዋት አልጋ ላይ፣ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ ከ"በስመ አብ" እስከ "አሜን" ስንት ደቂቃ ነው? ትንሿ መብራት ስለጠፋች ጸሎቱ ልባችሁ ላይ ተገለበጠ? በጾም ላይ ጾም፣ በበዓል ላይ በዓል ስትለጥፉ ከሥሩ ምን እንደተጻፈ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አስራደ አንድ ዓርብ እንኳ የገለበጠውን ከፍቶ ቢያይ ኖሮ!

ያ ቀርፋፋውስ? የተጣላችሁትን ሰው ይቅር ማለቱ? የታመመ ጎረቤት አጠገብ ቁጭ ማለቱ? ጊዜ ይፈጃል ብላችሁ የት ጣላችሁት?

ዛሬ ቤት ስትገቡ፣ ከመቀመጣችሁ በፊት፣ ጎንበስ በሉና የጠረጴዛችሁን እግር እዩ።