የቲማቲሙ ዳሜጅ

አቶ ልዑልሰገድ እንግሊዝኛ ሳይቀላቅሉ ውሃ እንኳን አይጠይቁም። አንድ ቀን አዲሱን መኪናቸውን ወደ ኋላ ሲነዱ የአንዲት ቲማቲም ሻጭ ጋሪ ገለበጡ። ቲማቲሙ ጎማ ሥር ገብቶ ድልህ መሰለ።

«ጎዱኝ እኮ ጋሼ» አለች ሴትዮዋ።

«ጉዳት አትበይ» አሏት በመስኮት። «ይሄ ዳሜጅ ነው የሚባለው። ዳሜጅ ዕቃ ላይ እንጂ ሰው ላይ አይደርስም። አንቺ ምንም አልሆንሽም። በይ ጋሪሽን አንሺና አሳልፊኝ።»

ሴትዮዋ እንደታዘዘችው ጋሪዋን ስትጎትት ብረቱ የመኪናውን በር ከዳር እስከ ዳር ጫረው።

አቶ ልዑልሰገድ ዘለው ወረዱ። ራሳቸውን ይዘው «ገደልሽኝ፣ አንቺ ሴት» አሉ።

እሷም ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸውና «ዳሜጅ እኮ ነው ጋሼ፤ እርስዎን የቱ ጋ ነው ያመመዎት?» አለቻቸው።