አባ ጉርሻ አፋቸውን እንደከፈቱ

ሰዎች ዙሪያውን በተንሳፋፊ ገመድ አጥረው፣ «ፓርክ ነው፤ መረብ መጣልና መንጠቆ መወርወር ክልክል ነው» ብለው በተዉት ሞቃት ባሕር ውስጥ አንድ መንግሥት ነበረ። ገመዱ ከውጭ የሚመጣውን መረብ ይከለክላል እንጂ ውስጥ ማን ማንን እንደሚውጥ አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ጥበቃ ሲገኝ ቀድሞ የሚወፍረው ማን እንደሆነ አንባቢ ሳይነገረው ያውቃል። የዚያ ባሕር ንጉሥ አባ ጉርሻ ይባሉ ነበር።

አባ ጉርሻ ከንፈራቸው ወፍራም፣ ግንባራቸው ሰፊ፣ እንደ በርሜል የከበዱ ዓሣ ነበሩ። ሹማምንቱ «ሆደ ሰፊ» ይሏቸዋል፤ ሆዳቸውስ በእርግጥ ሰፊ ነበር። እንደ ሻርክ ሮጠው አያሳድዱም፤ ደምም አያፈሱም። አለት ጥግ ዝም ብለው ይቆማሉ፤ አፋቸውን ድንገት ይከፍታሉ፤ ውኃው ወደ ውስጥ ሲፈስ ፊት ለፊት የቆመው ዜጋ አብሮ ይገባል። ከዚያ ይዘጋል። ይግባኝ የሚባል ነገር የለም።

ይሁን እንጂ በግዛቱ ውስጥ ንጉሡም ቢሆኑ ማንንም የማይውጡበት አንድ ስፍራ ነበረ። የኮራል አለት ነው፤ ስሙ ሰላም ድንጋይ። እዚያ የሚኖሩት ከጣት የማይረዝሙ፣ በጎናቸው ሰማያዊ መስመር ያለባቸው ጽዳተኛ ዓሦች ናቸው። የሌላውን ገላ፣ ጥርስና ድድ ይለቅማሉ፤ የተጣበቀውን ተባይ እየበሉ ያድራሉ። ወደ ድንጋዩ የመጣ ሁሉ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ተራ ይይዛል። ተራው ሲደርስ አፉን ይከፍታል፤ ጽዳተኛዋ ገብታ ሥራዋን ስትጨርስ ከንፈሩን በጅራቷ መታ መታ ታደርግለታለች። እሷ መታ መታ ሳታደርግ አፍ አይዘጋም። የንጉሡ አጎት አንድ ጊዜ ቸኩለው ዘግተዋል ይባላል። ከዚያ ወዲያ አንዲት ጽዳተኛ እንኳ ወደ አፋቸው አልቀረበችም፤ ድዳቸውን ትል በልቶት፣ ከንፈራቸው ረግፎ፣ መዋጥ እንዳማራቸው ሞቱ። አባ ጉርሻ ያደጉት ይህን እየሰሙ ነው።

የንጉሡ ዋና አማካሪ መልኬ የሚባል ኦክቶፐስ ነበር። ንጉሡ «ብላታ» ብለው ሾመውታል፤ እኔ ማዕረጉን ብጠራለትም አንቱታውን አልጨምርለትም። ብላታ መልኬ አለት አጠገብ ሲቆም አለት ይመስላል፤ ሣር ውስጥ ሲገባ ሣር ይሆናል፤ ንጉሡ ሲቆጡ ይቀላል፤ ሲስቁ ይነጣል። ስምንት እጅ ስላለውም ብቻውን ሲያጨበጭብ ጉባኤ የተሰበሰበ ይመስል ነበር።

ወደ ሰላም ድንጋይ ጠላቂዎች ይመጡ ነበር። ጀርባቸው ላይ የአየር ጠርሙስ አዝለው፣ ዓይናቸው ላይ መስታወት ገጥመው፣ አረፋ እየተነፈሱ ይወርዱና ካሜራቸውን ብልጭ ያደርጋሉ። ብላታ መልኬ ነገሩን ለንጉሡ ሲያስረዳ፣ «ጌታዬ፣ ውኃ ከሌለበት አገር አየራቸውን ተሸክመው የሚመጡት እርስዎን ለማየት ነው። አረፋው እጅ መንሻ ነው፤ ብልጭታውም ሰላምታ» አላቸው። አባ ጉርሻ አመኑት። እንዲህ ያለውን ወሬ የማያምን ንጉሥ እኔ አላየሁም።

አንድ ጠዋት ነገር ተበላሸ። ተራው የአያ ዘገየ ነበር። አያ ዘገየ ያረጀ የባሕር ዔሊ ነው፤ በቀኝ ዓይኑ ቆብ ሥር ክፉ ተባይ ገብቶ ብርሃኑን እየጋረደበት ስለነበር፣ እመት ጸዳለ የምትባለው የጽዳተኞች አለቃ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ትነቅልለታለች። ዔሊው አንገቱን ዘርግቶ ሲታከም ጠላቂዎቹ ከበቡት። ብልጭታው በላይ በላዩ ሆነ። አባ ጉርሻ ከበስተኋላ ተራቸውን ይጠብቁ ነበር፤ ጠላቂዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተዋቸዋል። አንዱማ ሲዞር በእግሩ ላይ ባጠለቀው የላስቲክ ክንፍ ግንባራቸውን መታቸው።

«መልኬ» አሉ ንጉሡ፣ «እነዚህ ሰዎች ዓይናቸውን ታመዋል?»

«ጥፋቱ የሰዎቹ አይደለም፣ ጌታዬ» አለ ብላታ ቀላ ብሎ። «አፍ መክፈት የንጉሥ ሥራ ነበር። አሁን የመጣው ሁሉ አፉን ሲከፍት እንግዶቹ ማንን ይዩ?»

በዚያው ቀን አዋጅ ተነገረ። «ከዛሬ ጀምሮ በባሕሩ ያሉ ጽዳተኞች በሙሉ፣ ሌት ተቀን፣ የንጉሡን አፍ ብቻ ያጽዱ! ከንጉሡ በቀር በሰላም ድንጋይ አፉን ከፍቶ የተገኘ እዚያው ይዋጣል!»

ብዙ ሳይቆይ ሕዝቡን ተባይ ወረረው። ዓሦች ገላቸውን ከአለት እያከኩ ቅርፊታቸው ረገፈ፤ ሕፃናቱ እንቅልፍ አጡ። አያ ዘገየ በቀኝ በኩል ያለው ሁሉ አልታይ ብሎት በጠራራ ፀሐይ ከኮራል ጋር መላተም ጀመረ። በመጨረሻ በባሕር ሣሩ ውስጥ ጉባኤ ተጠራ።

መጀመሪያ የተናገረው ፊኛ ዓሣ ነው። «ወገኖቼ! እስከ መቼ? እኔ በበኩሌ እዚህ ደርሻለሁ!» አለና በክንፉ አንገቱን አሳየ፤ አንገት ግን አልነበረውም። በተናገረ ቁጥር ይነፋል። «ደሜ ፈልቷል! ዛሬውኑ ሄጄ ፊት ለፊት ቆሜ . . .» ሲል ድብልብል ብሎ ተነፋና ከቦታው ለቀቀ፤ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ወደ ውኃው አናት ተንሳፈፈ። የንግግሩን መደምደሚያ የሰሙት የባሕር ወፎች ብቻ ናቸው።

ሳርዲኖች በአንድነት ዞረው፣ «በሙሉ ድምፅ እንደግፋለን!» አሉ።

«ምኑን?» ተባሉ።

«እሱ ሲወሰን ይነገረናል።»

ቀጥሎ የሸርጣኖች ሽማግሌ አቶ ቆንጥር ጉሮሮውን ጠረገ። «በስሜት አንነዳ። ብላታ መልኬ ያማልደን። ለንጉሡ ቅርብ ነው፤ እኛን ሸርጣኖችን ደግሞ እጅግ አድርጎ ይወደናል። በቀደም እንኳ የእህቴን ልጅ እራት ጠርቶት ነበር።»

«ልጁ ምን አለ ታዲያ?»

«ገና አልተመለሰም። ጨዋታው ጥሟቸው ይሆናል።»

አያ ዘገየ ንግግር አይሆንለትም። «እኔ የማውቀው ዓይኔን ነው» አለ። «ለግጦሽ ከገመዱ ውጭ እወጣለሁ፤ እዚያ መረብ አለ። ወንድሜ በአንድ ዓይን ወጥቶ ቀርቷል። ጸዱዬ፣ እባክሽ በስውር ንቀዪልኝ።»

«በስውር አይሆንም፣ አያ ዘገየ። ቢይዙን አንተም እኔም አለቅን» አለች ጸዳለ። «አዋጁን እንፈጽማለን።»

ጉርምርምታ ተነሣ። «ድሮስ! የቤተ መንግሥት ፍርፋሪ አምሯት ነው!» ያለም ነበር።

«እንፈጽማለን አልኩ፤ አንዲት ቃል ሳናጓድል። በባሕሩ ያሉ ጽዳተኞች በሙሉ አይደል ያሉት? በሙሉ እንገባለን። ሌት ተቀን አይደል? በፈረቃ እንሠራለን። ስንጨርስ እንደ ልማዳችን መታ መታ እናደርጋለን። የንጉሥ አፍ ግን ትልቅ ነው፤ መቼ እንደሚያልቅ እኔ እንጃ።»

የጉባኤው ሳቅ ከዳር እስከ ዳር ተያያዘ። ሳርዲኖችም በሙሉ ድምፅ ደገፉ፤ በዚህ ጊዜ ምኑን እንደሆነ የገባቸው ይመስለኛል።

በማግስቱ አባ ጉርሻ በሰላም ድንጋይ ላይ አፋቸውን ከፈቱ። ጽዳተኞች ከየአለቱ እየጎረፉ ገቡ፤ ምላስ ላይ፣ ድድ ላይ፣ ከጥርስ ጀርባ፣ ቦታ እስኪጠብ ድረስ። ጠላቂዎቹም ወረዱ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁምና ብልጭታውን አዘነቡት። አባ ጉርሻ በዕድሜያቸው እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ቀትር ላይ ራባቸው። ገላቸውን ነቅነቅ አደረጉ፤ ልዝጋ ማለታቸው ነው።

«ገና ነው ጌታዬ» አለች ጸዳለ ከውስጥ። «የላይኛውን መንጋጋ እንኳ አልጀመርነውም።»

«አአአ» አሉ ንጉሡ። አፍ ተከፍቶ ከዚህ የተሻለ ቃል አይወጣም።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ እንበረታለን።»

አፋቸውን በግድ እንዳይዘጉ የአጎታቸው ከንፈር ትዝ ይላቸዋል። ፊታቸውን እንዳያዞሩ ደግሞ ካሜራው አለ። ተንኮሉም በዚህ አላበቃም። ዓሣ ከአፉ ሌላ በጉንጩ በኩል ውኃ የሚያስወጣበት ስንጥብ አለው። ጽዳተኞቹ በአፍ ይገቡና ግማሾቹ በስንጥቡ ሾልከው ከንጉሡ ጀርባ ይወጣሉ። እዚያ ሕዝቡ ከጅራታቸው ጀምሮ ተራ ይዞ ቆሟል፤ የመጀመሪያው አያ ዘገየ ነው። አዋጁ በዚህ ዓይነት ተከበረ፤ በንጉሡ አፍ ሳታልፍ ወደ ሌላ የሄደች አንዲት ጽዳተኛ አልነበረችም።

እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። ሕዝቡ ከተባዩ ተገላገለ። መዋጥም ቀረ፤ ለመዋጥ ከከፈቱ በኋላ መዝጋት ያስፈልጋልና። ሕፃናት በንጉሡ ከንፈር ሥር ድብብቆሽ ይጫወቱ ጀመር። እኔም እዚህ ላይ ተረቴን ጨርሼ፣ ሁሉም በደስታ ኖሩ ብዬ ብሰናበታችሁ ደስ ባለኝ ነበር።

ግን መንግሥት ያለ ትእዛዝ ውሎ አያድርም። ንጉሡ «አአአ» ባሉ ቁጥር ሕዝቡ ወደ ብላታ መልኬ ያያል። «ንጉሡ ሸርጣን ይቅረብልኝ ብለዋል» ይላል እሱ። ሸርጣን ይቀርባል። ብላታ ከአለቱ ሥር ይዞት ገብቶ «ይመረምረዋል»፤ ከዚያ አንዲት እግር አምጥቶ በንጉሡ ጉሮሮ ውስጥ ጣል ያደርጋል፤ እንዳይሞቱ ያህል። ንጉሡ ከሞቱ የማንን ቃል ይተረጉማል? ሸርጣኖቹ ለንጉሥ ገበታ መታጨት ታላቅ ክብር እንደሆነ ስለተነገራቸው መጀመሪያ ሰሞን ዘመዶቻቸውን አጅበው ይሸኙ ነበር። ኋላ ላይ ግን አጃቢው እየሳሳ ሄደ።

አንድ ቀን ጸዳለ ጉሮሮው ጥግ ድረስ ገብታ ስትለቅም፣ ከንጉሡ ሆድ የመጣ ድምፅ ሰማች። ጥርት ያለ ቃል ነበር። «ይብቃኝ» ይላል። «አዋጁን አንሥቻለሁ። ሁሉም ይጽዳ። ሸርጣንም አልጠየቅሁም። እባካችሁ አፌን ልዝጋ።»

ቃሉ ግን እስከ ከንፈር አልደረሰም። ውጭ የተሰማው «አአአ» ነው፤ ብላታም ወዲያው «ሸርጣን!» ብሎ ተረጎመው።

ጸዳለ ያንን ቃል ይዛ መውጣት ትችል ነበር። ወጥታስ? ንጉሡ አፋቸውን ይዘጋሉ፤ በነጋታው ደግሞ ይከፍታሉ፤ የሚከፍቱበትን ሥራ ሁሉም ያውቀዋል። ልጆቿ ከከንፈሩ ሥር ሲስቁ ይሰማታል። መታ መታ ልታደርግ ጅራቷን አነሣች፤ መልሳም አወረደችው። «ገና ነው ጌታዬ» አለች። እኔ አፈርኩባት፤ አዘንኩላትም።

በማግስቱ የአያ ዘገየ ቀኝ ዓይን ዳነ። የመጨረሻዋ ተባይ ስትነቀል በቀኝ በኩል ያለው ዓለም በሙሉ ተመለሰለት፤ ከደስታው ብዛት ሊያለቅስ ደረሰ። በዚያ ዓይን መጀመሪያ ያየው አንድ አለት ነበር። አለቱ እጅ አወጣ። እጁ አቶ ቆንጥርን ከወገቡ ይዞ ወደ ሥሩ ጎተተው። ሽማግሌው «ብላታ፣ እኔ እኮ . . .» ሲል ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ ባዶ ቅርፊት ወጣ፤ አንዲት እግርም ወደ ንጉሡ አፍ ሄደች።

ዔሊው ወደ ጸዳለ ዞረ። የቆንጥር ሚስት ከኋላው ተራ ይዛ ነበርና ጥያቄውን ሰማችው።

«ጸዱዬ፣ አንቺ ውስጥ ነሽ፤ ይሰማሻል። ንጉሡ በእውነት ሸርጣን አምጡ ብለዋል?»

ጸዳለ ሰልፉን አየች። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው፣ ገላቸው ጠርቶ፣ ሳይገላመጡ ቆመዋል። ከአለቱ ሥርም አንድ ዓይን እሷን ያያል።

«እኔ ጥርስ ነው የማጸዳው፣ አያ ዘገየ። የንጉሡን ቃል ብላታን ጠይቀው» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የግራ ዓይንህንም ተባዩ ጀምሮታል። ዛሬ ካልነቀልኩት ይብስብሃል» አለችው።

አያ ዘገየ የግራ ዓይኑን በክንፉ ዳሰስ አደረገ፤ እውነትም ይቆረቁራል። ወደ ቆንጥር ሚስት አየ። በዳነው ዓይኑ እያንዳንዱን የፊቷን መስመር ለይቶ ያያት ነበር።

ከዚያ አንገቱን ዘረጋና ሁለቱንም ዓይኖቹን ጨፈነ። የቆንጥር ሚስት መልሱን እየጠበቀች እዚያው ቆማ ነበር።