ጫካ ሁለት ጊዜ የገባው ልጅ

አንድ ሰው ነበረ። እህል ነጋዴ ነው፤ በአገሩም የተከበረ። ሚስቱ በሞተች ቀን የሃያ ዓመት ልጁ አረቄ ቤት ሰክሮ ተኝቶ ነበርና፣ አባት በለቀስተኛው ፊት «አንተ ነህ የገደልካት» አለው። ከዚያ ወዲያ ልጁ መጠጡን አባሰ። ምክርም ጠበልም አልያዘለትም።

በመጨረሻ ሰዎች ለአባትየው ስለ አንድ ሽማግሌ ንብ አናቢ ነገሩት። ሰውየው ራቅ ካለ ጫካ ይኖራል፤ የባከኑ ወጣቶችንም እየተቀበለ ከእርሱ ጋር ያሠራቸዋል። አባት ልጁን ወስዶ አስረከበና ወደ ንግዱ ተመለሰ።

ልጁ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ተሳደበ፤ ሊጠፋም ሞከረ። ኋላ ግን ውሃ መቅዳት፣ በእርጥብ እንጨት እሳት ማያያዝ፣ ቀፎ ተሸክሞ ዛፍ ላይ መውጣት ለመደ። እንቅልፉም ተመለሰ። በአራተኛው ወር ጉንጩ ሞልቶ አገሩ ገባ። አባት በግ አርዶ ጎረቤት ጠራ። የእናትየውን ስም ግን ማንም አላነሳም። ሁለት ወር ሳይሞላ ልጁ አረቄ ቤት ተገኘ።

አባት ተቆጥቶ ወደ ጫካው ወጣ። «ጫካህ ምን ረባው?» አለ።

ንብ አናቢውም «እጁ ጸንቶ፣ ዓይኑ ጠርቶ አልመጣልህም?» አለው። «እዚህ እናቱን እያነሳ ያለቅስ ነበር። ቤትህ ሲገባ ከማን ጋር ያልቅስ?»

አባት ይህን ሰምቶ ወደ አገሩ ወረደ። ቤቱ እንደደረሰ ሱቁን ዘጋና ልጁን ይዞ ወደ ጫካው ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ግን አስረክቦ አልሄደም፤ አብሮት ቀፎ ተሸከመ። በሦስተኛው ቀን ሸክሙን አወረደና «አንተ አልገደልካትም። ሐዘኔን አንተ ላይ ነው የጣልኩት። ይቅር በለኝ፣ ልጄ» አለው።

ልጁም የተሸከመውን ቀፎ አወረደ። ከዚያ «አባዬ፣ እኔ እኮ እንደገደልኳት አምኜ ነበር» ብሎ አለቀሰ። አባትም አብሮት አለቀሰ።

ከዚያ በኋላም ልጁ አንድ ጊዜ ወድቋል። ያን ቀን አባቱ ራሱ ሄዶ፣ ክፉ ቃል ሳይናገር፣ ደግፎ ወደ ቤት አመጣው። ይኸው አረቄ ከተወ ሦስት ዓመት ሞላው።

እንግዲህ ማዘንጊያ፣ የአንቺም ልጅ በመጠጥ ቢያስቸግርሽ፣ «ልጄን ጫካ ብልከው ይድናል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ላኪው፤ ጫካው ያበረታዋል። ነገር ግን ልጅሽ እዚያ ሲደክም አንቺም እዚህ የምትሠሪው አለሽ። ሲመለስ የሚጠብቀው ያው ጥሎት የሄደው ቤት ከሆነ፣ ጫካው ብቻውን አይችለውም።