ብቻውን ኬላ የደረሰ እግር

ጠጋ በሉ፤ የቆማችሁ ተቀመጡ፣ የተቀመጣችሁ ጆሯችሁን አውሱኝ። የምነግራችሁ ስለ አንድ ሰውና ስለ አንድ እግር ነው። ሰውየው ማለደ ይባላል። እግሩ ግን የራሱ አልነበረም፤ የሚስቱ የትርንጎ ነበር።

ትርንጎ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ዳገት ላይ የቆመ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ተንሸራቶ ቀኝ እግሯን ከጉልበቷ በታች ወሰደባት። ከዚያ ወዲያ የስፌት መኪናዋን ፔዳል በግራዋ ብቻ ልትረግጥ ስትል ጎማው ወደ ኋላ እየዞረ ክሩን ይበጥስባታል። ሞከረች፣ ሞከረች፤ በመጨረሻ መኪናዋን በአሮጌ ነጠላ ሸፍና ተወችው። ከድንበሩ ማዶ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራ ጎበዝ ሰው አለ ሲባል ባልና ሚስት ተያይዘው ሄዱ። ተለክታ ተመለሱ። እግሩ ደርሷል የሚል ወሬ ሲመጣ ደግሞ ማለደ ብቻውን ሄዶ፣ በካርቶን አድርጎ፣ ደረቱ ላይ እንደ ሕፃን አቅፎ ይዞት መጣ።

የፈለገው ትንሽ ነገር ነው፤ ካርቶኑን ይዞ ኬላውን ማለፍ። ትርንጎ በአገሯ በኩል፣ ከኬላው ብረት ባሻገር፣ አንዲት ግራር ጥላ ሥር ክራንቾቿን ጭኗ ላይ አጋድማ ትጠብቀዋለች። እግሩን የሚገጥመው ባለሙያ ከተማው ጤና ጣቢያ ነው፤ ከሩቅ መጥቶ ዛሬ አመሻሹ ላይ ይመለሳል። ዛሬ ካመለጣቸው ክረምቱ ሳይወጣ አያገኙትም።

"ምንድነው?" አለ ፈታሹ፣ ካርቶኑን በእስክሪብቶው ጫፍ ነካ አድርጎ።

"እግር ነው፣ ጌታዬ።"

ፈታሹ እጁን ሰበሰበ። "የማን?"

"የባለቤቴ። ያቻትና፣ ማዶ ተቀምጣለች።"

ፈታሹ ካርቶኑን ከፈተው። እውነትም እግር ነው፤ ጠይም ቀለም የተቀባ፣ ካልሲ የለበሰ፣ ጫማ ያጠለቀ።

"ሌላውስ?"

"ሌላውማ አላት።"

"ጫማ እንኳ በጥንድ ነው የሚገባው።" አንገቱን አስግጎ ወደ እግሩ ውስጥ አየ። "ደግሞ ክፍት ነው። ክፍት ነገር ይሞላል።"

"የሚሞላው እኮ በእሷ ጉልበት ነው።"

ፈታሹ አልሳቀም። ከበስተኋላው ወደቆመው ጓደኛው ዞረና ተያዩ። ያቺን አስተያየት ማለደ አልወደዳትም። ምን አይተው ነው? ምን ሰምተው ነው?

"የቀረጥ ተማኙ ሳይተምነው አልለቅም" አለ ፈታሹ። "እስኪጣራ ከግቢው እንዳይወጡ፣ አባት።" ይህን ብሎ ስልክ አነሳና አፉን በእጁ ከልሎ አንድ ነገር አንሾካሾከ። ማለደ ከአንድ ቃል በቀር አልሰማም። ቃሉ "አጠራጣሪ" የሚል ነበር።

ማለደ ካርቶኑን አቅፎ ወደ ተማኙ ሄደ። "ጌታዬ፣ ይህን ይተምኑልኝ። ፈታሹ አልለቅም አለ፣ እርስዎ ካልተመኑ።"

ተማኙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰውዬ ነው። እግሩን ከጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ቁርጭምጭሚቱን አጠፈው፣ ዘረጋው፣ ብሎኑን በጥፍሩ ቆረቆረው።

"የመኪና መለዋወጫ ነው?"

"የሰው መለዋወጫ ነው፣ ጌታዬ።"

"ቀልድ አልወድም።" መነጽሩን አወረደና ከእግሩ ይልቅ ማለደን ማየት ጀመረ፤ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው። "የሕክምና ዕቃ ከሆነ የኬላው ነርስ፣ ሲስተሯ፣ ትመስክር። ከዚያ በፊት አልተምንም።"

ማለደ ወደ ሲስተሯ ሄደ። "እህቴ፣ ይህ የሕክምና መሆኑን መስክሪልኝ። ፈታሹ አይለቅም፣ ተማኙ ካልተመነ፤ ተማኙ አይተምንም፣ አንቺ ካልመሰከርሽ።"

ሲስተሯ ጓንት አጥልቃ እግሩን በሁለት ጣት ያዘችው። "እግርነቱንስ እግር ነው" አለች። "ውስጡ ምን እንዳለ ግን እኔ በምን አውቃለሁ? ዛሬ ፈርሜ ነገ ሌላ ነገር ቢወጣበት የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

"ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ ምንም የለበትም!"

"የሚምል ሰው ደግሞ የበለጠ ያስፈራኛል" አለች ጓንቷን እያወለቀች። "ውሻዋ ታሽትተው። ከዚያ እመሰክራለሁ።"

ማለደ ወደ ውሻዋ ሄደ። አነፍናፊዋ ውሻ ንቁ ትባላለች፤ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ምላሷን አውጥታ ተዘርራለች። ያዧ ሃምሳ አለቃ አጠገቧ ተቀምጦ በኮፍያው ያራግብላታል።

"ሃምሳ አለቃ፣ እባክህ ይህን አስሸትትልኝ። ፈታሹ አይለቅም፣ ተማኙ ካልተመነ፤ ተማኙ አይተምንም፣ ሲስተሯ ካልመሰከረች፤ ሲስተሯ አትመሰክርም፣ ንቁ ካላሸተተች።"

"ንቁ፣ ተነሺ!" አለ ሃምሳ አለቃው። ንቁ አንድ ዓይኗን ገልጣ ካርቶኑን አየችና መልሳ ጨፈነች።

"አየህ?" አለ ሃምሳ አለቃው። "ቧንቧው ከጠፋ ቆየ። አፍንጫዋ ደርቋል። ውሃ ሳትጠጣ እሳትና አበባ አትለይም።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ግን ንገረኝ እስቲ። እንድታሸት እንዲህ የቸኮልከው ለምንድነው? ሰው ከውሻዋ ሲሸሽ ነው የማውቀው።"

መቸኮሉም ያስጠረጥራል፤ ባይቸኩልም ያስጠረጥር ነበር። የውሃ ጋሪው ከከተማ በኩል እንደሚመጣ ሲነግሩት ካርቶኑን አቅፎ ወደ ኬላው ብረት ሮጠ፤ ከዚያ ደግሞ የሚሸሽ እንዳይመስል ብሎ እርምጃውን ቀነሰ።

ጋሪው ደርሷል። ከብረቱ ባሻገር፣ አህያው ጆሮውን ጥሎ፣ ባለጋሪው ጀሪካኖቹ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ትርንጎ ከግራሩ ሥር ቀና አለች። "አመጣኸው?" ብላ ጮኸች። ማለደ ካርቶኑን ከፍ አድርጎ አሳያት።

"ወንድሜ፣ ውሃ አቀብለኝ" አለው ባለጋሪውን። "ፈታሹ አይለቅም፣ ተማኙ ካልተመነ፤ ተማኙ አይተምንም፣ ሲስተሯ ካልመሰከረች፤ ሲስተሯ አትመሰክርም፣ ንቁ ካላሸተተች፤ ንቁ አታሸትም፣ ውሃ ካልጠጣች።"

ባለጋሪው ወደ ኋላ ሸሸት አለ። "የተጠረጠርከው ሰውዬ አንተ ነህ? ለአንተማ አላቀብልም። ላንተ ውሃ ያቀበለ ብለው እኔንም ይጨምሩኛል። እንደ ወትሮዬ ጋሪዬን ነድቼ ልግባ፣ ውሃዬን ላድርስ፤ ሌላ ነገር አላውቅም። ለመግባት ደግሞ ኬላው ይነሳ።"

ኬላውን የሚያነሳው አዛውንቱ ዘበኛ ነው። የብረቱን ገመድ ክንዱ ላይ ጠምጥሞ ይዞታል።

"አባባ፣ ኬላውን ያንሱልኝ" አለ ማለደ። "ፈታሹ አይለቅም፣ ተማኙ ካልተመነ፤ ተማኙ አይተምንም፣ ሲስተሯ ካልመሰከረች፤ ሲስተሯ አትመሰክርም፣ ንቁ ካላሸተተች፤ ንቁ አታሸትም፣ ውሃ ካልጠጣች፤ ውሃው አይመጣም፣ ጋሪው ካልገባ፤ ጋሪው አይገባም፣ ኬላው ካልተነሳ።"

"ኬላው አይነሳም" አለ ዘበኛው።

"ለምን?"

"ፈታሹ ደውሎ አዞኛል። አጠራጣሪ ዕቃ ይዣለሁ፣ ነገሩ ተጣርቶ እስክለቀው ጋሪም መኪናም እንዳይገባ እንዳይወጣ ብሎኛል።" ዘበኛው ካርቶኑን በአገጩ አመለከተ። "እሱ ነው አይደል?"

ማለደ ቆሞ ቀረ። ኬላው አይነሳም፣ ፈታሹ ካልለቀቀ። ፈታሹ አይለቅም... እንደገና ሊጀምር ሲል አፉ ተሳሰረበት። ስንት በር አንኳኩቶ የደረሰበት የመጨረሻው በር መጀመሪያ የወጣበት ሆኖ አገኘው።

መሬት ላይ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ወደ ኮረብታው ማዘንበል ጀምራለች። ከወዲያ ሲስተሯ በመስኮት ታየዋለች፤ ተማኙ በር ላይ ወጥቶ ያየዋል፤ ፈታሹ እጁን አጣምሮ ያየዋል። ሁሉም ስላዩት ራሱን ማየት ጀመረ። ያ ማዶ እግሩን የሠራው ሰው ማነው? ዘመዱ አይደለም፣ አገሩ አይደለም። ሳቂታ ነበር፤ ለምን ይስቅ ነበር? እውን ውስጡ ምንም የለም? ማለደ ካርቶኑን ገለጠ፤ ማንም የማያየው መስሎት እጁን እስከ ክርኑ ወደ እግሩ ውስጥ ሰደደ። ባዶ ነበር። በራሱ አፈረ።

"ማለደ!" ትርንጎ ናት። በክራንቿ እየተደገፈች ብረቱ ድረስ መጥታለች። "ምን ሆነሃል? እግሬን ምን አደረጉት?"

ማለደ ነገራት። ከፈታሹ እስከ ተማኙ፣ ከተማኙ እስከ ሲስተሯ፣ ከሲስተሯ እስከ ንቁ፣ ከንቁ እስከ ውሃው፣ ከውሃው እስከ ጋሪው፣ ከጋሪው እስከ ኬላው፣ ከኬላው መልሶ እስከ ፈታሹ። ሲጨርስ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ትርንጎ ግን አላለቀሰችም። ወደ ዘበኛው ዞረች።

"አባባ፣ የታዘዙት ምን ነበር?"

"ጋሪም መኪናም እንዳያልፍ።"

"ጀሪካንስ?"

ዘበኛው አሰበ። ሴራ እንዳለበት ጠርጥሮ ግራ ቀኙን አየ። "ስለ ጀሪካን... አልተባለም።"

"አንተስ?" አለችው ባለጋሪውን። "ለእሱ አላቀብልም አልክ። ለእኔ አውርድልኝ። እኔን ማንም አልጠረጠረኝም።"

ባለጋሪው አገጩን አሻሸ። ከዚያ አንዱን ጀሪካን አወረደና እንደማያውቃት ሰው ፊቱን ወደ አህያው አዞረ። ዘበኛው ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ። "መጀመሪያ ጠጪለት" አላት። ጠጣችለት። እሱም ቀመሰ። ውሃ ነው።

ትርንጎ ክራንቾቿን አስቀምጣ አቧራው ላይ ቁጭ አለች፤ ጀሪካኑን በጎኑ አስተኛችና በቀረላት እግሯ ገፋችው። ጀሪካኑ አልንቀሳቀስም አለ። ጥርሷን ነክሳ ደግማ ገፋችው። ተንከባለለ፤ ከብረቱ ሥር ሾልኮ ማለደ ጉልበት ላይ ደርሶ ቆመ።

ማለደ በአንድ እጁ ጀሪካኑን፣ በሌላው ካርቶኑን ይዞ በረረ። ሮጠ እንዳይሉት መጠንቀቁን ረሳው። ንቁ ጠጣች። ጠጣች፣ ጠጣች፣ አፍንጫዋን ላሰች፣ ተነሳች። ካርቶኑን ዞረችው። ጫማውን አሸተተች፣ ቁርጭምጭሚቱን አሸተተች፣ ጭንቅላቷን እግሩ ውስጥ አስገብታ ዝም አለች።

ሃምሳ አለቃው ከተቀመጠበት ተነሳ። ፈታሹ እየፈጠነ መጣ። ተማኙ መነጽሩን አወረደ።

ንቁ አነጠሰች። ጭንቅላቷን አውጥታ ተራገፈችና ወደ ውሃዋ ተመለሰች።

"የሙጫ ሽታ ነው" አለ ሃምሳ አለቃው። "ንጹሕ ነው።"

ንቁ ካሸተተች ሲስተሯ መሰከረች። ሲስተሯ ከመሰከረች ተማኙ ተመነ፤ ለአካል ጉዳተኛ የሚገባ ነው፣ ቀረጥ የለበትም አለ። ተማኙ ከተመነ ፈታሹ ለቀቀ፤ ሲለቅ ግን እግሩን አንድ ጊዜ ከፍ አድርጎ ጥላውን እንኳ ሳያይ አላለፈም። ፈታሹ ከለቀቀ ኬላው ተነሳ፤ ኬላው ከተነሳ ጋሪው ገባ። ማለደም በጋሪው ጎን ወጣ።

ትርንጎን ከአቧራው አነሳት። ካርቶኑን ራሷ ያዘች፤ ለማንም አልሰጠችም፣ ለእሱም ጭምር።

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ባለሙያው ሻንጣውን እየዘጋ ነበር። ከፈተው። ማሰሪያውን አጠበቀ፣ ላላ አደረገ፣ እንደገና አጠበቀ። "እስቲ ቁሚ" አላት።

ትርንጎ ቆመች። ማለደ በደስታ ክራንቾቿን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

"ቆይ" አለችው። "ያ ሁሉ ሰው ሲፈትሸው ዋለ። አሁን ተራው የኔ ነው።"

ቀኟን መሬት ላይ አሳረፈችና ዓይኗን አጥብባ ጎንበስ ብላ አየችው። ክብደቷን ጣለችበት፣ አነሳች፣ ጣለችበት። በተረከዙ ወለሉን ሁለቴ መታች፤ ልክ ፔዳል እንደሚረገጥ። አንድ እርምጃ ሄደች፤ ቆመች፤ ወደ ኋላዋ ተጠራጥራ አየች፤ ሌላ እርምጃ ጨመረች። በሩ ላይ ስትደርስ ክራንቾቿን አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ አስደገፈቻቸው።

ማለደ እንደ ተፈታሽ ቆሞ ይጠብቃል።

"ይለፍ" አለች ትርንጎ፤ የበሩን ደፍ ተሻግራም ወጣች።

እኔም ከዚህ አላልፍም፤ እናንተ ግን በሰላም እለፉ።