እንግዳሸትና የድንጋጤው ጋሻ መሬት

ወንዶች ሲያወሩት ጦርነቱ ይረዝማል፣ ቀልዱ ያጥራል። እንግዲህ ሴቶቹ እንዳቆዩልን እናውጋው።

እንግዳሸት የሚባል ምላሱ የማይያዝ ወታደር ነበር። ከሦስተኛው ዘመቻ ሲመለስ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር የሚዘል፣ ነጋሪት ሲጎሰም የያዘውን ዋንጫ የሚጥል ሰው ሆኖ መጣ። የአገሩ ገዥ ደጃዝማች አዋጅ አስነገሩ፦ ጦርነት መንፈሱን ያወከው ወታደር አንድ ጋሻ መሬት ይሰጠው፣ ከዘመቻም ይቅር፤ አስመሳይ ሆኖ የተገኘ ግን በመጪው ዘመቻ ከፊት ይሰለፍ። መርማሪው የግምጃ ቤቱ ሹም አዛዥ ውብነህ ሆኑ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከግምጃ ቤቱ ደጅ ርቀው የማያውቁ ሰው።

በምርመራው ዕለት ግቢው በወታደር ተሞላ፤ አዛዡ በሣር ቤቱ በረንዳ አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። ትናንት ገበያ ላይ ሲደባደቡ የዋሉት ሁሉ ዛሬ ወባ እንደያዘው ሰው ይንዘፈዘፋሉ። እንግዳሸት ብቻ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«አንተስ ለምን አትንቀጠቀጥም?» አሉት አዛዡ።

«ጌታዬ፣ እኔን የሚያስደነግጠኝ ድምፅ ነው፤ እነዚህን ግን የሚጀምራቸው እርስዎን ሲያዩ ነው።»

አዛዡ ወጥመድ አሰቡ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለጸሐፊያቸው፣ «ጦር የነካውን ሰው ግራ ጆሮው ያሳክከዋል አሉ» አሉት። ሰልፉ በሙሉ ግራ ጆሮውን ይፈትግ ጀመር። አንዱማ እስኪደማ ፋቀው።

«ያንተስ?»

«እስካሁን ደህና ነው። መሬቱ ውሃ ገብ ከሆነ ግን ሊጀምረኝ ይችላል።»

ጸሐፊው ሳቁን በብራናው ሸፈነ፤ አዛዡ ግን ቱግ አሉ።

«ቆይ! ባለፈው የግብር ድግስ ላይ ዘራፍ ብለህ፣ መድፍ ቢያጓራ ዓይኔን አላሽም ያልከው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ውሸቱ የቱ ነው?»

ለእንግዳሸት ከዚህ መልስ ወዲያ ያለው የፊት መስመር ነው።

«ያን ጊዜ ሹመት እየለመንኩ ነበር፣ አሁን መሬት እየለመንኩ ነው። እውነቱን ከፈለጉ ምንም የማልለምናትን ሚስቴን ይጠይቁልኝ።»

(ምንም አልለምናትም ያለውን ሚስቱ እስክትሞት አስተባብላለች።)

አዛዡ ሚስት አልጠየቁም። አንዱን ዘበኛ በጥቅሻ ጠርተው፣ ከግድግዳው ጀርባ አንድ ጥይት ወደ ሰማይ እንዲተኩስ በጆሮው ነገሩት። ዘበኛው መተኮስ ብርቁ ነበርና ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ከጣሪያው ሣር ዘነበ። ሲንቀጠቀጥ የዋለው ሰልፍ አንገቱን አስግጎ «ማነው የተኮሰ?» ይላል። እንግዳሸት ራሱን ሲያውቅ አዛዡ የሚቀመጡበት አልጋ ሥር ተጋድሟል፤ አጠገቡ አዛዥ ውብነህ ካባቸውን ተከናንበው ጥርሳቸው ይንገጫገጫል።

«አንድ ብቻ ነበር ያዘዝኩት! ለማንም እንዳትናገር» አሉት በሹክሹክታ።

«እኔስ ሳላውቅ ተተኩሶብኝ ነው፤ እርስዎን ራስዎ ያዘዙት ተኩስ ነው እንዲህ ያደረገዎት? ግድ የለም ጌታዬ፣ የኔን ጋሻ ዛሬ ይጻፉልኝ፤ የርስዎን ነገ አብረን ሄደን ደጃዝማችን እንጠይቃለን።»