አልጭንም ያለው ሞተርና የአንጓች ምንሽር

ወሬ የሚያቋርጥ ካለ ደጅ ይውጣ፤ የቀረው ጆሮውን ይስጠኝ። እኔ የተናገርኩትን አልደግምም። ይህ ታሪክ ግን ራሱን ይደጋግማል፤ እሱ የእኔ ጥፋት አይደለም።

ከወንዝ ወዲህ አንጓች የምትባል ባልቴት ነበረች። ምላሷ ስለት፣ አንገቷ ቀጥ ያለ፣ ለማንም ጎንበስ የማትል። ወንድሟ ደምሌ ከወንዝ ማዶ፣ ዋርካ ሜዳ ይኖር ነበር። ልጅ አልወለደም። ዓይኑ ሲደክምበት ምንሽሩን ለእህቱ አዛወረላት። ወረዳ ድረስ አብረው ሄዱ፣ ጠመንጃው በስሟ ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታ፣ ፈቃዱ እጇ ገባ። ደምሌ ግን ምንሽሩን ሲያስረክባት ባዶውን አልሰጣትም። "የተራበ ጠመንጃ ለእህቴ አልሰጥም" ብሎ አንድ ጥይት አጎረሰው። እሷም ኮራች። እንደጎረሰ ምሰሶ ላይ ሰቀለችው፤ እንደጎረሰ እዚያው ዛገ።

ደምሌ ሞተ። በዚያ አገር ለወንድ ሲለቀስ ጠመንጃው በለቅሶው ሜዳ መሀል ይዞራል። አስለቃሿ "የደምሌ ጠመንጃ የታለ?" ብላ ስትጠራ ጠመንጃው ከሌለ፣ ሟቹ ወገን እንደሌለው ይቆጠራል፤ እህቱም ሸጣ በላችው ትባላለች። አንጓች የፈለገችው አንድ ነገር ነው፦ ምንሽሩ ለቅሶው ሳይበተን ዋርካ ሜዳ እንዲደርስ። መንገዱ ዞሮ በድልድዩ ነው፤ በእግር ቢሄዱ አይደረስም። በሞተር ይደረሳል። ስለዚህ ከገበያ ሲመለስ በደጇ የሚያልፈውን ባለሞተር፣ ይበልጣልን፣ አስቆመችው።

"ና፣ ጫን" አለችው።

"ፈቃድ አለዎት፣ እማማ?"

"ከአንተ መንጃ ፈቃድ የጠራ ማኅተም አለው።" ወረቀቱን ከመቀነቷ ፈትታ አፍንጫው ስር ዘረጋችለት።

"ደግ። ጎርሷል?"

"ጎርሷል እንጂ። የእኛ ቤት ጠመንጃ ጦሙን አያድርም።"

ይበልጣል ቁልፉን ከሞተሩ ነቀለ። "እንግዲያ ሞተሬ አይጭንም። መንገዱ ኮረኮንች ነው። ሞተር ሲዘል ጠመንጃም ይዘላል። የጎረሰ ጠመንጃ ከዘለለ የሚተፋው ወይ እኔ ወገብ ላይ ነው፣ ወይ እርስዎ እግር ላይ። መንገድ ላይ ያለው ኬላም የጎረሰ አያሳልፍም። ባዶ ያስደርጉትና እንሄዳለን።"

"ይህች የብረት አህያህ ጭነት ትመርጣለች?"

"ትመርጣለች፣ እማማ።" ሄዶ ጥላ ስር ቁጭ አለ።

ሞተሩ ጠመንጃውን አልጭንም ብሎ፣ አንጓች ከነምንሽሯ ደጇ ላይ ቀረች።

ቤት ገብታ ምሰሶው ላይ ወደተሰቀለው ጠመንጃ ዞረች። "ስማ፣ ሞተሩ እንዲጭንህ ጥይቱን ትፋ" አለችው። "አልተፋም" አለ ጠመንጃው። "ማቀባበያዬ ዝጎ ተጣብቋል። የሚያውቅ እጅ ካልነካኝ አፌን ለማንም አልከፍትም።" ጠመንጃ አይናገርም የሚል ሰው ካለ፣ የዛገ ማቀባበያ ይሳብና ይስማው። ጠመንጃው ጥይቱን አልተፋም ብሎ፣ ሞተሩ ጠመንጃውን አልጭንም ብሎ፣ አንጓች ከነምንሽሯ ደጇ ላይ ቀረች።

የሚያውቅ እጅ የሽታው ነው። ሽታው ያረጀ ሚሊሻ ነው፤ ጉልበቱ ቢከዳውም እጁ አልከዳውም። ጠራችው፤ እያነከሰ መጣ። ምሰሶው ላይ እንዳለ አየው፤ ጣቱን ግን አላሳረፈበትም።

"አንቺ፣ ይህን ከነጥይቱ ስንት ዘመን ነው ያንጠለጠልሽው?"

"ልትመረምረኝ ነው የጠራሁህ? ክፈተው። በእጅህ ካቃተህ መዶሻ አለኝ።"

"መዶሻ ካነሳሽ እኔ አገር ለቅቄ ሄጃለሁ። የጎረሰ ብረት በጉልበት አይከፈትም። ላምባ አምጪ። ላምባው ዝገቱን ያላላል፣ እኔ ቀስ ብዬ እከፍታለሁ። ያለ ላምባ አልነካም።"

ሽታው ማቀባበያውን አልነካም ብሎ፣ ጠመንጃው ጥይቱን አልተፋም ብሎ፣ ሞተሩ ጠመንጃውን አልጭንም ብሎ፣ አንጓች ከነምንሽሯ ደጇ ላይ ቀረች።

ላምባ ያለው አጥር ለአጥር ከምትጎራበታት ከፋንታዬ ቤት ነው። አንጓች ባጥሩ ላይ አንገቷን አወጣች። "ፋንታዬ፣ ላምባ ስጪኝ። ላምባውን ለሽታው እሰጣለሁ፣ ሽታው ማቀባበያውን ይከፍታል፣ ጠመንጃው ጥይቱን ይተፋል፣ ሞተሩ ጠመንጃውን ይጭናል፣ እኔም ከወንድሜ ለቅሶ እደርሳለሁ።"

"ነፍሱን ይማረው። ደምሌ ደግ ሰው ነበር፤ በአንቺ አልወጣም" አለች ፋንታዬ። "ላምባ አለኝ። ግን መጀመሪያ ፍየልሽን ከጌሾዬ ላይ አንሺልኝ። ከማለዳ ጀምሮ ትግጠዋለች። ጌሾዬን ከጨረሰችው በምን ልጠምቅ ነው፣ በጢሟ?"

"በጢሟ የተጠመቀ ከዚያ ከምታጠጭን ይሻላል።"

"በይ እንግዲያ ላምባውም ከጢሟ ይቀዳልሽ።"

ፋንታዬ ላምባውን አልሰጥም ብላ፣ ሽታው ማቀባበያውን አልነካም ብሎ፣ ጠመንጃው ጥይቱን አልተፋም ብሎ፣ ሞተሩ ጠመንጃውን አልጭንም ብሎ፣ አንጓች ከነምንሽሯ ደጇ ላይ ቀረች።

አንጓች ወደ ፍየሏ ሄደች። ፍየሏ በአጥሩ ሽንቁር ሾልካ ገብታ ጌሾው መሀል ቆማለች። "ነይ ውጪ" አለቻት። ፍየሏ ቀና ብላ አየቻት፣ ማኘኳን ቀጠለች። "ነይ ውጪ፣ አንቺ ሌባ።" ፍየሏ ጀርባዋን ሰጠቻት። እምቢታውን ከማን እንደተማረችው መንደሩ ሁሉ ያውቃል። "ጨው ካላላስሽኝ አልወጣም" አለች ፍየሏ፤ አፏ በቅጠል ሞልቶ ነው እንጂ ከዚህም በላይ በተናገረች። ፍየሏ ጌሾውን አልለቅም ብላ፣ ፋንታዬ ላምባውን አልሰጥም ብላ፣ ሽታው ማቀባበያውን አልነካም ብሎ፣ ጠመንጃው ጥይቱን አልተፋም ብሎ፣ ሞተሩ ጠመንጃውን አልጭንም ብሎ፣ አንጓች ከነምንሽሯ ደጇ ላይ ቀረች።

ከአንጓች ቤት ጨው ካለቀ ሰንብቷል። ጨው የት አለ? ጨው እዚያው ሞተሩ ላይ አለ። ይበልጣል ለበሬዎቹ ከገበያ የገዛው አንድ ከረጢት ጨው ከወንበሩ ኋላ በጎማ ገመድ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። አንጓች ሄዳ ከረጢቱን ጎተተችው። ጨው አልወርድም አለ፤ ገመዱ ጠብቋል።

"ፍታልኝ" አለችው ይበልጣልን።

ይበልጣል ከጥላው አልተነሳም። "ጨው አልነፍግዎትም፣ እማማ። ግን ካስቆሙኝ ጀምሮ የሰማሁት 'ና'፣ 'ጫን'፣ 'ፍታ' ነው። ሞተሬንም አህያ ብለውብኛል። አንድ ጊዜ 'እባክህ' ይበሉኝና ልፍታው።"

አንጓች አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ያ ምላስ እባክህን ለባሏ አላለም፣ ለዳኛ አላለም፣ ለቄስም አላለም። አሁን ለባለሞተር ሊል? ምላሷ እባክህን አልልም ብሎ፣ ጨው ከሞተሩ አልወርድም ብሎ፣ ፍየሏ ጌሾውን አልለቅም ብላ፣ ፋንታዬ ላምባውን አልሰጥም ብላ፣ ሽታው ማቀባበያውን አልነካም ብሎ፣ ጠመንጃው ጥይቱን አልተፋም ብሎ፣ ሞተሩ ጠመንጃውን አልጭንም ብሎ፣ አንጓች ከነምንሽሯ ደጇ ላይ ቀረች።

ይህን ጊዜ ከወንዝ ማዶ ጥሩምባ ተነፋ። የለቅሶ ጥሩምባ ነው። ሰዉ ወደ ሜዳው እየገባ ነው። አስለቃሿ ወንድሟን በስሙ ልትጠራው ነው፣ ቀጥላም ጠመንጃውን ልትጠራ ነው፣ ሜዳውም ዝም ሊል ነው። አንጓች ነጠላዋን አጣፋች።

"እባክህ፣ ይበልጣል" አለች። "ስለ ወንድሜ ብለህ።"

ቃሉን ሳትጨርስ ይበልጣል ተነስቶ ገመዱን ይዟል።

ምላሷ እባክህ ሲል ጨው ከሞተሩ ወረደ። ጨው ሲወርድ ፍየሏ ጌሾውን ለቀቀች። ፍየሏ ጌሾውን ስትለቅ ፋንታዬ ላምባውን ሰጠች፤ እየሰደበች ነው የሰጠችው፣ ግን ጠርሙሱን ሙሉ ሰጠች። ላምባው ሲመጣ ሽታው ምንሽሩን ከምሰሶው አወረደ።

እዚህ ላይ ማንም አልተጣደፈም። ሽታው ከቤቱ ጓሮ፣ ከአፈሩ ግድግዳ ፊት ቆመ። አፈሙዙን ወደ አፈሩ አዞረ፣ ሰዉን ሁሉ ከጀርባው አደረገ፣ ጣቱን ከምላጩ አራቀ። ላምባውን አንጠባጠበ። ጠበቀ። ደግሞ አንጠባጠበ። "ቶሎ በል" ብትለው "ቶሎ የሚባለው ለዝንብ ነው" አላት። ማቀባበያው አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ላላ፣ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ጥይቱም እንደ ወለቀ ጥርስ አፈር ላይ ወደቀ። ሽታው አጎንብሶ ውስጡን በዓይኑ አየ፣ በጣቱ ነካ፣ ለአንጓችም አሳያት፣ ለይበልጣልም አሳየው። ሦስቱም ባዶ ነው አሉ።

አንጓች ምንሽሩን ልታነግተው ስትል ይበልጣል ያዘባት። "ትከሻዎ ላይ አይሆንም። ብንወድቅ ብረቱ ጀርባዎን ይሰብረዋል።" በብርድ ልብስ ጠቀለለው። ሲነዱት ከሚግለው የጭስ ማውጫ በራቀው ጎን፣ አፈሙዙን ወደ ኋላ አድርጎ አጋደመው፣ ጨው ታስሮበት በነበረው የጎማ ገመድ ሁለት ቦታ አሰረው፣ በእጁ ወዘወዘው፤ አልተነቃነቀም። ጥይቱ በጨርቅ ተቋጥሮ ለብቻው ከመፍቻዎቹ ከረጢት ገባ። ጨው ከፋንታዬ ዘንድ አደራ ቀረ።

ጠመንጃው ጥይቱን ስለተፋ ሞተሩ ጠመንጃውን ጫነ፤ አንጓችም ከኋላ ተሳፈረች።

ኬላው ላይ ገመድ ተወጥሯል። ጠባቂው እጁን አነሳ። ጥቅሉን አይቶ አፉን ሳይከፍት አንጓች ቀደመችው። "ጠመንጃ ነው። የእኔ ነው። ባዶ ነው። ፈቃዱ ይኸው።"

"ጥይቱስ፣ እናቴ?"

"ከመፍቻ ጋር ተኝቷል። ቀስቅሰው ከፈለግህ።"

ጠባቂው ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ አየ፣ ማኅተሙን አየ፣ ከረጢቱን አየ። "ነፍስ ይማር" አለና ገመዱን አወረደው።

ዋርካ ሜዳ ሲደርሱ አስለቃሿ ሁለተኛ እየጠራች ነበር። "የደምሌ ጠመንጃ የታለ?"

"ይኸውላችሁ" አለች አንጓች። ሰዉ መንገድ ከፈተላት። ምንሽሩን ማቀባበያውን እንደከፈተች በሁለት እጇ ተሸክማ ገባች። የአጎቷ ልጅ ካሴ ከወንዶቹ መሀል ነበር፤ ዝም ማለት የማያውቅ ሰው ነው። አንገቱን አስግጎ አየ።

"እታለም፣ ባዶውን ነው እንዴ ያመጣሽው? የደምሌ ጠመንጃ እኮ ሳይጎርስ ውሎ አያውቅም።"

አንጓች ቆመች። ፊቷን ወደ እሱ አላዞረችም።

"አጉራሹ ሞቷል፣ ካሴ። ማን ያጉርሰው?"

አስለቃሿ ቃሉን ከአፏ ነጥቃ በሙሾ አወረደችው። ሜዳው ተነቃነቀ። ካሴም ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ምንሽሩም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በለቅሶው መሀል ዞረ፤ ዙሩን ጨርሶ ወደ አንጓች እጅ ተመለሰ።

ይኸው ነው። ደጅ የወጡትን አሁን ጥሯቸው፤ እኔ ጨርሻለሁ።