የሰርቨሩ ጠላት

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ልሳነወርቅ በቀን አራት ስብሰባ ካልጠሩ የበሉት አይፈጭላቸውም፤ ሠራተኛው አዳራሽ ሲጠራ ይውላል፣ ባለጉዳይ በር ላይ ቆሞ ያረጃል። አንድ ቀን ሰርቨሩ ቀጥ ቢል አምስተኛ ስብሰባ ጠሩና የኮምፒውተር ባለሙያዋን አፋጠጧት።

«ያጠቃንን ጠላት ስም በሰው ፊት ጥሪ፤ አለዚያ መልቀቂያሽን አስገቢ!»

«በነፃ ካወረዱት ፊልም ጋር የገባ ትሮጃን የሚባል ቫይረስ ነው፣ ጌታዬ። በእርስዎ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ሰርቨሩን በሰከንድ ሺህ ጊዜ በከንቱ ይጠራዋል። ሰርቨሩም አቤት ሲል ስለሚውል ባለጉዳይ አያስተናግድም።»

«መድኃኒቱስ?»

«ከኔትወርክ ነቅሎ ማንንም እንዳይጠራ ማድረግ፤ ከዚያ በጸረ ቫይረስ ማጥፋት።»

«ይህን ክፉ አመልስ ከማን ተማረ?» ሲሉ አምባረቁ።

«እኔ እንጃ፣ ጌታዬ፤ የሚውለው ከእርስዎ ጋር ነው» አለች።